ስለ ቃላት ምንጭ፤ የያዮ ደን ስም ምን ያስተምረናል

ልጆቻችን የእንግሊዝኛን ቃል በቃላቸው አጥንተው ከትምህርት ቤት ይመለሳሉ፤ ምንጩን በጠየቅናቸው ጊዜ ግን ዝም ይላሉ። ሥሩን ሳያውቁ ቃልን መያዝ የተቈለፈ ሣጥን እንደ መሸከም ነውና፥ ዛሬ ከኢሉባቦር አንድ ስም ወስደን ሣጥኑን ልንከፍት አሰብን።

ከበደሌ ወደ መቱ በሚወስደው መንገድ ያዮ ትገኛለች። በደንዋም ቡና ማንም ሳይተክለው ከታላላቅ ዛፎች ጥላ ሥር ይበቅላል። ስለዚህ 167 ሺህ ሄክታር ያህል የሆነው ይህ ስፍራ በ2002 ዓመተ ምሕረት በዩኔስኮ መዝገብ «ባዮስፌር ሪዘርቭ» ተብሎ ተጻፈ።

«ባዮ» ከግሪክ የመጣ ሲሆን ሕይወት ማለት ነው፤ «ስፌር»ም ድቡልቡል ማለት ነው። ሁለቱን አጋጥሞ ሕይወት ያለበትን የምድር ክፍል የሰየመበት፥ በ1875 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር፥ ኤድዋርድ ዙስ የተባለው የኦስትሪያ ሊቅ ነው። ባዮሎጂ የሕይወት ትምህርት፥ ባዮግራፊም የሕይወት ታሪክ መባላቸው ከዚሁ ነው። ከመድኃኒት ቤት የምንገዛው አንቲባዮቲክ ደግሞ «አንቲ» የሚል መነሻ አለው፤ ይኸውም ተቃራኒ ማለት ነው። መድኃኒቱ የሚቃወመው የበሽታውን ተሐዋስያን ሕይወት ነው።

«ሪ» የላቲን ባዕድ መነሻ ነው፤ ትርጉሙም ዳግመኛ ወይም ወደ ኋላ ማለት ነው። ሪዘርቭ ማለት እንግዲህ ወደ ኋላ አስቀርቶ መጠበቅ ነው። በየመሥሪያ ቤቱ የምንሰማው ሪፖርትም ተሸክሞ መመለስ ማለት ስለ ሆነ፥ ያላየውን የሚጽፍ ሹም ወረቀት አመጣ እንጂ ሪፖርት አላቀረበም።

«ኮፊ» የሚለው ቃል ከዐረቦች ቀህዋ ተነሥቶ፥ በቱርክና በሆላንድ አፍ አልፎ ወደ እንግሊዝ ደረሰ። ሊኔዎስ የተባለው የስዊድን ሊቅም በ1753 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ቡናችንን «አራቢካ» አለው፤ አውሮፓውያን ያገኙት ከዐረብ አገር ነበርና። የቡናው ትውልድ ግን የምዕራብና የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ደን ነው። ስሙ የመንገዱን እንጂ የቤቱን ታሪክ አልያዘም።

ባዕድ መነሻ ለቋንቋችንም እንግዳ አይደለም፤ «ባለ» ከቤት ሲገጥም ባለቤት፥ ከሥልጣን ሲገጥም ባለሥልጣን ይሆናል። ስለዚህ ወላጆች ሆይ፥ ልጅዎ አዲስ ቃል ባመጣ ጊዜ «መነሻው ምንድር ነው፤ ሥሩስ?» ብለው ይጠይቁት፤ በአማርኛ የሚመስለውንም አብረው ይፈልጉለት።

የሪዘርቭን ትርጉም ያወቀ ልጅ የያዮን ዛፍ ሲያይ ማገዶ ብቻ አይታየውም፤ ለሚመጣው ትውልድ የተቀመጠ አደራ መሆኑን ይረዳል። አደራውን የምናስጠብቀው እኛ ሹማምንቱና ወላጆቹ ስለ ሆንን፥ ቃሉን ከልጆቻችን አስቀድመን ልንማረው ይገባናል።