ተልዕኮህ ምን ያስከፍልሃል?

በየመሥሪያ ቤቱ ግድግዳ ላይ «ራዕይ፣ ተልዕኮ፣ እሴቶች» የሚል ሰሌዳ ተሰቅሏል። ከሥሩ ባለጉዳይ «ነገ ተመለስ» ይባላል። አሁን ደግሞ በየሥልጠናው የግል ተልዕኮ መጻፍ ይመከራል። ምክሩ ክፉ አይደለም። ግን ሐቀኝነት፣ ፍቅር፣ ትጋት ብሎ መዘርዘር ማንንም አያስከፍልም፤ እሴት የሚለየው ሲያስከፍል ነው።

አበበች ጎበና እ.ኤ.አ. በ1980 ግሸን ማርያምን ሊሳለሙ ወሎ ሄደው በረሃብ የወደቀ ሕዝብ አዩ። ሁለት ሕፃናት ይዘው አዲስ አበባ ተመለሱ። ልጆቹ ሲበዙ ከትዳራቸውና ከልጆቹ አንዱን መምረጥ ግድ ሆነባቸው፤ ልጆቹን ይዘው ከቤት ወጡ።

የግል ተልዕኮውን ለሚጽፍ ሰው አንድ ዓረፍተ ነገር ይበቃዋል። ከሥሩ ግን አንድ ጥያቄ ይጨምር፦ «ለዚህ ስል ምን አጣለሁ?» መልስ ካላገኘለት፣ የጻፈው ገና ምኞት ነው።