ስለ ጀልባና ስለ ወንዝ ሒሳብ



በሥራ ደክመው ማታ ልጆቻቸውን የሚያስጠኑ ወላጆች ምስጋና ይገባቸዋል። ዳሩ ግን ስለ ጀልባና ስለ ወንዝ የሚቀርበውን የአልጀብራ ጥያቄ ሲያስረዱ «ሁለቱን ፍጥነት ደምርና ለሁለት አካፍል» የሚለውን አቋራጭ ብቻ ስለሚያስይዟቸው፣ ጥቂት ልጽፍ ወደድሁ።

አንድ ጀልባ በባሮ ላይ 60 ኪሎ ሜትር ቁልቁል በ3 ሰዓት ጊዜ ወርዶ፣ ያንኑ መንገድ ሽቅብ በ5 ሰዓት ተመለሰ እንበል። (ቁጥሩ የእኔ ነው፤ ባሮ ግን በ20ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ከካርቱም የሚነሣ መርከብ በክረምት እስከ ጋምቤላ ይመጣበት የነበረ ወንዝ ነው።) በሰዓት ሲወርድ 20፣ ሲወጣ 12 ኪሎ ሜትር ሄደ ማለት ነው። ውሃው ሲወርድ ገፍቶታል፤ ሲወጣ ያንኑ ያህል ወደ ኋላ ስቦታል። ስለዚህ የሁለቱ ልዩነት 8 የውሃው ፍጥነት እጥፍ ነው፤ ውሃው 4፣ ጀልባው በራሱ ኃይል 16 ይሆናል። እስከዚህ አቋራጩም ያደርሳል።

«የደርሶ መልሱ አማካይ ፍጥነት ስንት ነው?» ሲባል ግን ያው ልጅ እንደገና 16 ብሎ ይጽፋል። 120 ኪሎ ሜትር ለ8 ሰዓት ሲካፈል 15 ነው! ውሃው የገፋው 3 ሰዓት ብቻ ሲሆን የሳበው 5 ሰዓት ነውና። ይህን የሚስቱት ሰነፎቹ ብቻ አይደሉም፤ ደንቡን አጥብቀው ያጠኑትም ናቸው፤ እኔን የሚያሳዝነኝ ይኸው ነው።

ወላጆች ሆይ፣ ልጁ እርሳስ ከማንሣቱ በፊት «ውሃው ወዴት ይሄዳል? ጀልባውስ በየአቅጣጫው ስንት ሰዓት ቆየ?» ብላችሁ ጠይቁልን። ኤክስና ዋዩን ለእኛ ተዉልን።

አንድ የሒሳብ አስተማሪ