ማን ይቀበልሻል?

ብቻዋን ወደ ውጭ አገር ልትሄድ ያሰበች ሴት ሻንጣ ከመግዛቷ በፊት የምትመልሰው ጥያቄ አለ፤ «ማን ይቀበልሻል?» እናት ይህን ትጠይቃለች። አጎት ይጠይቃል። የቪዛ ማመልከቻዋን የሚያገላብጠው ሰው ይጠይቃል፤ ኤርፖርት መስኮት ውስጥ ማኅተም ይዞ የተቀመጠውም ከፎቶዋ ወደ ፊቷ፣ ከፊቷ ወደ ፎቶዋ እያየ ይጠይቃል። ታናሽ ወንድሜ ለመጀመሪያ ጊዜ ናይሮቢ ሲሄድ ቤተሰቡ የጠየቀው «ምን ታመጣልናለህ?» ብሎ ብቻ ነበር።

ጥያቄው ከፍቅር የሚወጣ መሆኑ አይጠፋኝም። ስጋቱም ከመሬት የተነሣ አይደለም። የምቃወመው ከሥሩ ያለውን እምነት ነው፤ ሴት ልጅ ሰው እጅ ከገባች ደኅና ናት የሚለውን። ብቻዬን ስጓዝ ካየሁት፣ ከሌሎች ሴቶችም ከሰማሁት የተረዳሁት ብዙ ጊዜ ጣጣው የሚጀምረው ያው ተቀባዩ ጋ መሆኑን ነው።

ለሴት ተጓዥ የሚሰጠው ምክር በአብዛኛው ስለማታውቀው ሰው ነው። ማታ አትውጪ፣ ከማታውቂው ሰው ጋር አታውሪ፣ ሲከፈት ያላየሽውን መጠጥ አትጠጪ። ምክሩ ስህተት የለበትም፤ ጎዶሎ ነው እንጂ። የተባበሩት መንግሥታት የዕፅና የወንጀል ጉዳዮች ቢሮ ከድርጅቱ የሴቶች ተቋም ጋር ባወጣው ግምት መሠረት እ.ኤ.አ. በ2023 በዓለም ላይ ሆን ተብሎ ከተገደሉት 85,000 ያህል ሴቶችና ልጃገረዶች ውስጥ 51,100 ያህሉን የገደላቸው ባል፣ ፍቅረኛ ወይም የቤተሰብ አባል ነው። ከመቶ 60 መሆኑ ነው። ቁጥሩ ስለ ጉዞ የተሰበሰበ አይደለም። ግን ጨለማው መንገድ ላይ የቆመውን ሰውዬ ብቻ ስንጠብቅ በር ከፍቶ «ግቢ» የሚለውን እንደምንረሳ ያሳያል።

ለነገሩ ይህን ለማወቅ ጥናት ማገላበጥም አያስፈልገንም ነበር። በሸራ ላይ ደጋግመን የሣልናት፣ የቱሪስት ዕቃ መሸጫውን ግድግዳ ሁሉ የሞላችው ተጓዥ ሴት ታሪክ ይኸው ነው። ክብረ ነገሥት እንደሚተርከው ንግሥተ ሳባ ወደ ኢየሩሳሌም የሄደችው ዝም ብላ አይደለም። መጀመሪያ ነጋዴው ታምሪን ሄዶ አይቶ መጥቶ ነግሯታል። ስትነሣም 797 ግመል አስጭና፣ በቅሎውና አህያው ሳይቆጠር ነው። በረሃው ምንም አላደረጋትም፤ ሽፍታም አልነካትም። የተያዘችው በክብር በተቀበላት ሰው ቤት ነው። በግድ እንዳይነካት አስማለችው፤ እሱ ደግሞ ከቤቱ ምንም ነገር በግድ እንዳትወስድ አስማላት። ከዚያ በፊት ግን በቅመም የሚያቃጥል፣ የሚያስጠማ ግብር አብልቷታል። ሌሊት ውሃ ልትጠጣ ስትል እጇን ያዛት፤ ከውሃ የከበረ ምን አለ ብሎም ውሉን አፈረሰባት። ልጆች ሆነን ሲተረክልን የምንስቀው በሰሎሞን ብልሃት ነበር። ዛሬ ሳስበው ያን ሁሉ ግመል ያስጫነች ንግሥት የጎደላት የራሷ ኮዳ ውሃ ነው።

ስለዚህ መንገድ ልትወጣ የተነሣች ሴት ስታማክረኝ የምጠይቃት ሌላ ነው። ከደረስሽ በኋላ ምንሽ በማን እጅ ይሆናል? ፓስፖርትሽ፣ የመመለሻ ትኬትሽ፣ የምታድሪበት ክፍል ቁልፍ፣ ገንዘብሽ፣ ስልክሽ። ከአምስቱ ሦስቱ በአንድ ሰው እጅ ከሆኑ ሰውየው ቅዱስ ቢሆን እንኳ ጉዞሽ አደጋ ላይ ነው።

አክስትሽ ቤት ብታርፊም ሁለት ሌሊት ሆቴል የሚያሳድር ገንዘብ ለብቻው ይኑርሽ፤ ለአክስትሽም አትንገሪያት፣ ትቀየማለች። የብዙዎቻችን የባንክ ካርድ ከቦሌ ማዶ ስለማይሠራ የምንጓዘው ጥሬ ገንዘብ ይዘን ነው። ይህ ራሱ ሌላ አደጋ ነው። እናቶቻችን ገበያ ሲወጡ ብራቸውን መቀነታቸው ውስጥ ይቋጥሩ ነበር፤ ቦርሳቸው ቢነጠቅ መቀነቱ አለ። ፈረንጅ ለመንገደኛ ብሎ የሚሸጠው ወገብ ላይ የሚታሰር ከረጢት ይኸው የእናቶቻችን ነገር ነው። ገንዘቡ ከሦስት ቦታ ይከፈል፤ አንዱ በፍጹም ከገላሽ አይለይ።

ሆቴል ላይ ፓስፖርትሽን ኮፒ እንዲያደርጉት ትሰጫለሽ፤ እስኪመልሱልሽም ቆመሽ ትጠብቂያለሽ። «ጠዋት ውሰጂው» የሚባል ነገር የለም። የእንግዳ መቀበያው ልጅ የክፍል ቁጥርሽን ጮክ ብሎ ከተናገረ ሌላ ክፍል መጠየቅ ነውር አይደለም። እኔ ከሻንጣዬ ጥግ አንድ የእንጨት ሽብልቅ አላጣም። ከውስጥ በበሩ ሥር ከገባ ቁልፍ ያለው ሰው እንኳ በቀላሉ አይከፍተውም፤ ዋጋውም የለውም፣ ማንኛውም አናጢ ከትርፍራፊ እንጨት ይቆርጥልሻል።

ከመሸ አለመድረስም ትልቅ ነገር ነው። በዚህ በኩል ዕድለኞች ነን፤ ከአዲስ አበባ ወደ አውሮፓ የሚሄደው አብዛኛው በረራ እኩለ ሌሊት አካባቢ ተነሥቶ ማለዳ ያደርሳል። ወደ ሌላ አገር ግን ትኬቱ ስለረከሰ ብቻ ከሌሊቱ 9 ሰዓት የማታውቂው ከተማ የሚጥልሽን በረራ አትቁረጪ። የተረፈው ገንዘብ ለታክሲ ይሄዳል።

የውሸት የጋብቻ ቀለበት አድርጊ የሚሉም አሉ። እኔም አድርጌ አውቃለሁ፤ ይሠራል። መሥራቱ ነው የሚያናድደው። በቪዛ መስኮት ደግሞ ይኸው ጉዳይ በሌላ መልኩ ይመጣል፤ ባል፣ ልጅ ወይም የቤት ካርታ የሌላት ወጣት ሴት «ትመለሳለች» ተብሎ እንዲታመንላት መከራዋን ታያለች። ላለመመለስ ያሰበ ወንድ ያለ አይመስላቸውም መሰለኝ።

ከሁሉ በላይ የሚያስፈራኝ ግን አደራ ነው።

እንደምትሄጂ የተሰማ ዕለት ጀምሮ ስልክሽ አያርፍም። አንዷ በርበሬ፣ አንዷ ሽሮ፣ አንዷ ለወለደች እህቷ አጃና በሶ። ይህ ደግ ባህላችን ነው፤ በየባዕድ አገሩ የተበተነው ሐበሻ እንጀራውን በወጥ የሚበላው በመንገደኛ ሻንጣ ተደግፎ ነው። ዕቃ አልወስድም ያለች ሴት ስሟ ይጠፋል፤ «ገና ሳትሄድ ተለወጠች» ትባላለች። ተንኮለኛውም የሚገባው በዚህችው በር ነው። ቤተሰብ ያልሆነ፣ የጓደኛ ጓደኛ የሆነ ሰው ኤርፖርት በር ላይ ደርሶ የታሸገ ሻምፖ፣ አዲስ ጫማ፣ «የሻይ ቅጠል» ያቀብላል። አደራ ተብለው በተሸከሙት ዕቃ ውስጥ ዕፅ ተገኝቶባቸው በሩቅ አገር እስር ቤት የቀሩ የአገራችን ሴቶችን ወሬ በየጊዜው የምንሰማው ነው። የቻይና የወንጀል ሕግ 50 ግራምና ከዚያ በላይ ሄሮይን ያዘዋወረን ሰው እስከ ሞት ይቀጣል። 50 ግራም ማለት አንድ የሻምፖ ጠርሙስ ውስጥ ገብቶ የማይታወቅ ነገር ነው። እዚህ በየሱቁ የሚሸጠው ጫትም ቢሆን በአሜሪካ ሕገወጥ ነው፤ እንግሊዝም እ.ኤ.አ. ከሰኔ 2014 ጀምሮ ከልክላዋለች። ደርቆና ተፈጭቶ ሲታሸግ ደግሞ ከሻይ ቅጠል የሚለየው ለሚያውቅ ብቻ ነው።

የአየር መንገድ ሠራተኛዋ «ሻንጣውን ራስሽ ነሽ ያሸግሽው?» ስትልሽ «አዎ» ማለት ፊርማ ነው። ከዚያ በኋላ «የሰው ነው፣ አላወቅሁም» የሚለውን ቃል የሚሰማሽ ዳኛ ማግኘት ዕድል ይጠይቃል። ስለዚህ ሕጌ አጭር ነው፤ ከበረራው ቀን በፊት ቤቴ ያልደረሰ ዕቃ አልወስድም፤ የደረሰውንም ከፍቼ፣ በርበሬም ቢሆን ከላስቲክ ወደ ላስቲክ ገልብጬ፣ ራሴ አሽጋለሁ። የማውቃት ሴት ይህን ስነግራት «እንዴታ» ትላለች። ፊቱን የሚያጠቁረውን ሰው ዕቃ ደግሞ መልሼለት እገላገላለሁ። ይሉኝታ ኤርፖርት በር ላይ የምንለየው ጓደኛ ቢሆን ለሁላችንም ይበጃል።

ዱባይ ሜትሮ ውስጥ ለሴቶችና ለሕፃናት የተለየ ክፍል አለ። ወለሉ ላይ ሮዝ መስመር ተሠምሯል፤ መስመሩን አልፎ የሚገባ ወንድ 100 ድርሃም ይቀጣል። ከተማው ውስጥ ሴት የምታሽከረክራቸው፣ ጣሪያቸው ሮዝ የሆነ ታክሲዎችም አሉ። እነዚህን ነገሮች አላቃልልም፤ በሰው ክርን ሳይገፉ መሄድ ትልቅ ዕረፍት ነው። ዱባይ በሄድኩ ጊዜ እዚያው ክፍል ውስጥ፣ ዩኒየን የሚባለው ጣቢያ ሳንደርስ፣ አንዲት ወጣት አጠገቤ ተቀመጠች።

«ሐበሻ ነሽ አይደል እህቴ?»

«ነኝ።»

«በኤጀንሲ ነው በራስሽ?»

«በራሴ። ለጥቂት ቀን ነው የመጣሁት።»

«ፓስፖርትሽስ?»

ቦርሳዬ ውስጥ ነው አልኳት። «እስቲ አሳዪኝ» አለች፤ አሳየኋት። በአውራ ጣቷ ሽፋኑን አሻሸችው። የራሷን ካየችው ሦስት ዓመት እንደሆናት፣ አሠሪዋ «ማዳም» ጋ እንዳለ ነገረችኝ። ኤርፖርት ላይ ሳይወስዱባት ግን የፎቶውን ገጽና ቪዛውን በስልኳ አንሥታ ለእህቷ ልካለች። የአሠሪዋን ሙሉ ስምና የቤቱን አድራሻም እንደገባች ሰሞን ጎረቤት ከምትሠራ ልጅ ጠይቃ ልካለች። ደመወዟን ቤት ውስጥ አታስቀምጥም። አንድ ስልክ ቁጥር በቃሏ ይዛለች፤ ስልኳን ቢወስዱባትስ? ለብቻዋ ስለምትጓዝ ሴት ከተጻፉት ምክሮች ካነበብኩት ሁሉ ይህች ልጅ በሁለት ፌርማታ መሃል የነገረችኝ ይበልጣል።

በጥንቃቄ ብትበልጠኝ እንጂ አታንሰኝም። ልዩነታችን የገባንበት ወረቀት ነው። የእኔ ቪዛ ከማንም ሰው ጋር አልታሰረም፤ ሆቴሉ ካልተመቸኝ ሌላ እፈልጋለሁ። የእሷ የመኖሪያ ፈቃድ ግን ካፋላ በሚባለው ሥርዓት ከአሠሪዋ ጋር የተሰፋ ነው፤ ያለፈቃድ ወጥታ ብትሄድ «ጠፍታለች» ተብላ ልትከሰስ ትችላለች። የሠራተኛን ፓስፖርት መንጠቅ በባሕረ ሰላጤው አገሮች ሕግ የተፈቀደ እንዳይመስላችሁ። ኩዌት እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጣችው የቤት ሠራተኞች ሕግ ከልክላዋለች፤ ኳታር በዚያው ዓመት ባወጣችው ሕግ እስከ 25,000 ሪያል ያስቀጣል። ሕጉ አለ፤ የሳሎኑን በር አልፎ መሳቢያውን የሚከፍት ግን የለም። ከአገራችን በብዛት ለብቻቸው የሚበሩት ሴቶች ደግሞ እንደ እሷ ለቤት ሠራተኛነት የሚሄዱት ናቸው። እነሱን «ማን ይቀበልሻል?» ብለን ስንሸኝ ኖረናል፤ ተቀባይ አጥተው አያውቁም።

ሳይነሣ የማያልፍ አንድ ነገር ቀርቷል። በቪየናው የ1963 የቆንስላ ግንኙነት ስምምነት አንቀጽ 36 መሠረት በውጭ አገር የተያዘ ሰው የአገሩ ቆንስላ እንዲነገርለት የመጠየቅ መብት አለው። ጥያቄው ከራስ አፍ መውጣት አለበት፤ «ከቆንስላዬ ጋር አገናኙኝ» የሚለውን በምትሄጂበት አገር ቋንቋ ወይም በእንግሊዝኛ አጥኚው። የማትፈርሚው ወረቀትም ይኑር፤ በማታነቢው ቋንቋ የተጻፈ ማንኛውም ነገር።

ቤት የሚቀረው ሰውም ሥራ አለው። «እንደደረስሽ ደውይ» ማለት ብቻውን ዕቅድ አይደለም፤ ካልደወለችስ? እኔ ስነሣ አንድ ወረቀት ጽፌ ለእናቴ እሰጣታለሁ። የበረራ ቁጥር፣ የሆቴሉ ስምና ስልክ፣ የፓስፖርቴ ኮፒ፣ እዚያ ያለው ኤምባሲያችን ቁጥር፤ ከዚያ በታች «እስከ ማክሰኞ 3 ሰዓት ካልደወልኩ መጀመሪያ ሆቴሉን፣ ቀጥሎ ኤምባሲውን» የሚል። መጀመሪያ የሰጠኋት ጊዜ ተቆጣችኝ። «ምን ሟርት ነው ይሄ? ኑዛዜ ነው?» አለችና ወረቀቱን አጥፋ ጠረጴዛ ላይ ወረወረችው። ቡናው ሲቀርብ መነጽሯን አድርጋ መልሳ ዘረጋችው። ከላይ እስከ ታች ሁለት ጊዜ አነበበችው።

«ይሄ 3 ሰዓት» አለች፣ «በእኛ ነው በእነሱ?»

እስክርቢቶ አምጥቼ ከሰዓቱ ጎን «በእኛ» ብዬ ጻፍኩበት።