ጆሮ ጠቢነት በዲግሪ

በእኛ አገር «ጆሮ ጠቢ» ማለት ስድብ ነው። በእስራኤል ግን ሥራው የክብር ሙያ ከሆነ ሰነባብቷል። የሬዲዮ፣ የስልክና የኢንተርኔት ግንኙነት እየጠለፈ መረጃ የሚሰበስበው የጦር ኃይሉ «ዩኒት 8200» ብዙ ወላጆች ልጆቻቸው እንዲገቡበት የሚመኙት ቤት ነው። እ.ኤ.አ. በ1993 «ቼክ ፖይንት» የተባለውን የኮምፒውተር ደህንነት ኩባንያ ከሁለት ባልደረቦቹ ጋር የመሠረተው ጊል ሽዌድ የዚሁ ክፍል ወታደር ነበር። ከዚያ ወዲህ የክፍሉ ስም በሥራ ማመልከቻ ላይ ከዲግሪ የማይተናነስ ዋጋ አለው።

የመጀመሪያው የምልመላ ጥሪ ተማሪው 17 ዓመት ገደማ ሲሆነው ይደርሰዋል። ከፊቱ የሚደቀኑት መንገዶች ብዙ ናቸው። በቀጥታ ወደ 8200 ገብቶ በፕሮግራመርነት ወይም በዓረብኛ አድማጭነት መሥራት አንዱ ነው። «አቱዳ» አስቀድሞ ዩኒቨርሲቲ አስገብቶ በተማረው ሙያ ያሰማራዋል። «ሐቫጻሎት» የመረጃ መኮንኖችን በመካከለኛው ምሥራቅ ጥናትና በሌላ አንድ ትምህርት ያስመርቃል። ከሁሉም ስመ ጥሩው፣ እ.ኤ.አ. በ1979 የተጀመረው «ታልፒዮት» ደግሞ ከጠለፋ አልፎ መላውን የጦር ቴክኖሎጂ የሚመለከት ሲሆን፣ 3 ዓመት ገደማ ፊዚክስና ሒሳብ አስተምሮ ወደ 6 ዓመት ያህል ያስፈርማል። በእኛ የፍትሐ ብሔር ሕግ 18 ዓመት ያልሞላው ልጅ የፈረመው ውል ሊፈርስ ይችላል፤ እዚያ ግን የሃያዎቹ ዕድሜ ገና ከትምህርት ቤት ሳይወጡ ይታሰርበታል።

ከ160 ሺህ ለሚበልጡት ትውልደ ኢትዮጵያውያን ቤተ እስራኤላውያን ጥያቄው የሚጀምረው ቀደም ብሎ ነው። ለእነዚህ በሮች ከፍተኛውን የሒሳብ እርከን በሁለተኛ ደረጃ መማር እጅግ ይረዳል፤ የእነሱ ልጆች በዚህ እርከን ያላቸው ድርሻ ግን ከአገሪቱ አማካይ ያነሰ ነው። ስለዚህ ከጎንደር የሄደ አባት «ለልጄ የትኛው ይሻለው ይሆን?» ብሎ ምክር የሚጠይቀው በ12ኛ ክፍል ከሆነ ረፍዷል።

ይህ ጸሐፊ ቢጠየቅ የሚሰጠው ምክር ከገበያው ይለያል። ገበያው «ፕሮግራመር ሁን» ይላል። ነገር ግን ኦክቶበር 7 ቀን 2023 ከደረሰው የሐማስ ጥቃት በፊት የጎደለው ማሽን አልነበረም። ኒውዮርክ ታይምስ በዚያው ዓመት እንደዘገበው፣ አንዲት የ8200 ተንታኝ የሐማስ ልምምድ በእጃቸው ከገባው የጥቃት ዕቅድ ጋር እንደሚመሳሰል ከወራት በፊት አስጠንቅቃ ነበር፤ የጋዛ ክፍለ ጦር አንድ ኮሎኔል ግን ግምቷን ውድቅ አደረገው። የክፍሉ አዛዥ ዮሲ ሳሪኤል በሴፕቴምበር 2024 ሥልጣን መልቀቁን አስታወቀ። እንግዲህ ቋንቋ የሚያውቅ፣ የሰማውን የሚረዳና አለቃው ፊት የሚከራከር ሰው ነው ብርቁ። የዓረብኛውና የሐቫጻሎቱ መንገድ ደመወዙ ቢያንስም እኔ የምመርጠው ለዚህ ነው።

ሁለተኛው ጉዳይ ሕግ ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 የክፍሉ 43 ተጠባባቂ ወታደሮችና መኮንኖች ለጠቅላይ ሚኒስትሩ በጻፉት ደብዳቤ፣ በፍልስጤማውያን ላይ በሚደረገው ስለላ ከእንግዲህ እንደማይሳተፉ ገለጹ። የሚሰበስቡት የግል ምስጢር ንጹሐን ሰዎችን ለማስገደጃ እንደሚውል ተናገሩ። እነዚህ ሰዎች ከባዱን ጥያቄ ያነሱት ከሠለጠኑና ካገለገሉ በኋላ ነው። ለአመልካቹ ግን የሚበጀው ሥልጠናው ስለ ሕገወጥ ትዕዛዝ ምን እንደሚያስተምር፣ ከአገልግሎት በኋላስ ችሎታውን ለማን ሊሸጥ እንደሚችል ሳይፈርም መጠየቁ ነው።

የመጨረሻው ጥያቄ እኛንም ይነካል። በካናዳ የሚገኘው «ሲቲዝን ላብ» እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2017 ባወጣው ሪፖርት፣ በአሜሪካና በሌሎች አገሮች የሚኖሩ የኢትዮጵያ መንግሥት ተቃዋሚዎች ኮምፒውተር በስለላ ሶፍትዌር ኢላማ መደረጉን አጋልጧል። ሶፍትዌሩን የሠራው በወቅቱ የ«ኤልቢት ሲስተምስ» አካል የነበረው «ሳይበርቢት» የተባለ የእስራኤል ኩባንያ ነው።