«ሦስት ያለበትን ላስመጣ ወይስ አራት ያለበትን?»

ይህን ሳምንት አንድ ደብዳቤ በቦርሳዬ ይዤ ስዞር ነው የሰነበትኩት። ታክሲ ሰልፍ ላይ አውጥቼ አነበዋለሁ፣ እመልሰዋለሁ፣ ቤት ገብቼ ደግሞ አወጣዋለሁ። የጻፈችው የሃያ አምስት ዓመት ወጣት ናት። ስሟን አልጠቅስም፤ ደብዳቤዋን ግን አሳጥሬ ላንብብላችሁ።

«...ሥራዬ እንግዳ መቀበል ነው፤ ቀኑን ሙሉ ሰው ፊቴን ሲያይ ይውላል። ካለፈው ዓመት ጀምሮ ከግንባሬ ግራና ቀኝ ፀጉሬ እየሳሳ መጣ። የፍቅር ጓደኛዬ ደግሞ ሯጭ ነው። የተረከዙ ጅማት ካመመው ስድስት ወር አለፈው፤ ማናጀሩም መደወል አቁሟል። አሜሪካ ያለችው የአክስቴ ልጅ ጂም የምትሠራበት ቦታ ሰዉ ሁሉ የሚወጋው መርፌ አለ ትላለች። ለጅማትም፣ ለቆዳም፣ ለፀጉርም ነው አሉ። ሦስት ነገር ያለበት ‹ግሎው› ይባላል፣ አራት ያለበት ‹ክሎው›። በሚቀጥለው ወር ስትመጣ አንድ ብልቃጥ ታመጣለች፤ ለሁለታችሁም ይበቃል ብላለች። እህቴ፣ የትኛውን ልምረጥ? እባክሽ ቶሎ መልሺልኝ፤ እሱ ተስፋ እየቆረጠብኝ ነው።»

አያችሁ? አንድ ብልቃጥ፣ ሁለት ሰው፣ ሦስት ችግር! መጀመሪያ ሳነበው ሳቄ መጣ። ሁለተኛ ሳነበው ግን ሳቄ ጠፋ። ለምን እንደጠፋ እደርስበታለሁ።

እኔ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ የቆምኩ ሰው ነኝ፤ ዶክተር አይደለሁም። ስለዚህ ያገኘሁትን አነበብኩ፤ ከዚያም ሰፈራችን ውስጥ ለብዙ ዓመት ፋርማሲ የሠሩ ጋሼ ዘንድ ሄድኩ። ደብዳቤውን አንብበው መነጽራቸውን አወለቁና «አንቺ ልጅ፣ መጀመሪያ ብልቃጡ ውስጥ ምን እንዳለ እንወቅ፤ ምርጫው ከዚያ በኋላ ነው» አሉኝ።

እሺ፣ ምን አለበት? ፔፕታይድ ማለት ጨሌ በሉት። አሚኖ አሲድ የሚባሉ ትንንሽ ፍሬዎች ተሰክተው ረጅም ሲሆኑ ፕሮቲን ይባላሉ፤ አጭሮቹ ፔፕታይድ ናቸው። ስኳር ያለባቸው እናቶቻችን የሚወጉት ኢንሱሊን ራሱ 51 ፍሬ ያለው የዚሁ ዘር ነው። ስለዚህ «ፔፕታይድ ነው» ብሎ ማድነቅም መደንገጥም «ክኒን ነው» እንደማለት ነው። የምን ክኒን?

«ግሎው» ውስጥ የመጀመሪያው ቢፒሲ 157 ነው፤ 15 ፍሬ አለው። ክሮኤሺያ፣ ዛግሬብ ውስጥ ያሉ ተመራማሪዎች ከ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ብዙ ጽፈውበታል። የተቆረጠ ጅማት ቶሎ እንዲጠገን ረድቷል ይላሉ። የማን ጅማት? የአይጥ! ሰው ላይ የተሞከረው በጣት የሚቆጠር ነው፤ የተሳተፈውም ሰው ጥቂት ነው። ሁለተኛው ቲቢ 500 ይባላል። ሰውነታችን የሚሠራው ታይሞሲን ቤታ 4 የሚባል 43 ፍሬ ያለው ነገር አለ፤ ቲቢ 500 ከዚያ የተቆረጠ 7 ፍሬ ነው። አንዳንዱ ነጋዴ ግን ሙሉውንም በዚሁ ስም ይሸጠዋል፤ ስሙን አንብባችሁ እንኳ የትኛውን እንደገዛችሁ አታውቁም። ሦስተኛው ጂኤችኬ ኮፐር ነው፤ ሦስት ፍሬ ሆኖ መዳብ ያቀፈ። ሎረን ፒካርት የሚባል ተመራማሪ በ1973 (እ.ኤ.አ.) ከሰው ደም ያገኘው ነው። ብልቃጡን ሰማያዊ የሚያደርገውም ይኸው መዳብ ነው። ይሄኛው በፊት ክሬም ውስጥ ገብቶ ለዓመታት ሲሸጥ ኖሯል። «ክሎው» የሚባለው ደግሞ በነዚህ ላይ ኬፒቪን ይጨምራል፤ ከአንድ ሆርሞን ጭራ የተቆረጠች ሦስት ፍሬ፣ የተቆጣ አንጀት ታበርዳለች ተብሎ በአይጥ ላይ የተጠናች።

አሁን ሂሳቡን እዩልኝ። የተለመደው «ግሎው» 70 ሚሊግራም ነው፤ 50ው መዳብ ያለው፣ 10 ቢፒሲ፣ 10 ቲቢ። «ክሎው» 10 ኬፒቪ ጨምሮ 80 ይሆናል። በያይነቱ ስታዝዙ ጎመኑ ካልተስማማችሁ ወደ ጎን ትገፉታላችሁ፣ አይደል? ይሄ በያይነቱ ግን ተፈጭቶ፣ ተማስሎ የመጣ ነው። እህቴ፣ አንቺ ለፀጉርሽ የፈለግሽው መዳቡን ነው፤ እሱ ለጅማቱ የፈለገው ሁለቱን አሥሮች ነው። እሱ አንድ ሚሊግራም ቢፒሲ ለማግኘት አምስት ሚሊግራም የመዳቡን አብሮ መወጋት አለበት። አንቺ ደግሞ ለቅንድብሽ ዳርቻ ብለሽ የአይጥ ጅማት መድኃኒት ትወጊያለሽ። አንዱን ልጨምር፣ አንዱን ልቀንስ ብትሉ መንገድ የለም። ገላሽ ሽፍ ቢልስ? ከአራቱ ጥፋተኛው ማነው? ጋሼ «አራት ተጠርጣሪ፣ አንድም ምስክር የለም» ነው ያሉኝ።

ስለዚህ ከሁለቱ የትኛው ይሻላል ለሚለው፣ አራቱ ከሦስቱ አይሻልም። ጥያቄ ነው የሚጨምረው።

ደግሞ ብልቃጡ ላይ የተጻፈውን የአክስትሽ ልጅ ታንብብልሽ። አብዛኛው «ለምርምር ብቻ፣ ለሰው አይሆንም» ይላል። የሚሸጡበት ዘዴያቸው እሱ ነው፤ መድኃኒት ነው ካሉ መድኃኒት መሆኑን ማስመስከር ይመጣል። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት ባለሥልጣን በ2023 (እ.ኤ.አ.) ቢፒሲ 157ን ለደኅንነት ያሠጋሉ ካላቸው ንጥረ ነገሮች ዝርዝር ውስጥ አስገብቶት ነበር። ጅማት እንዲጠገን ይረዳል የተባለው አዲስ የደም ሥር እንዲበቅል በማድረግ ነው። ሰውነት ውስጥ የተደበቀ ዕጢ ካለም የደም ሥር ይወዳል፤ ሐኪሞቹ የሚሠጉት ይህንን ነው። በዚያ ላይ ዱቄቱ በውኃ ከተበጠበጠ በኋላ ማቀዝቀዣ ይፈልጋል፤ የእኛን ሰፈር መብራት ታውቁታላችሁ። ከአንድ ብልቃጥ ሁለት ሰው በየቀኑ መርፌ እያስገባ ሲቀዳማ... እሱን ለእናንተ ልተወው።

ሳቄን ያጠፋው ግን ይህ ሁሉ አይደለም። ልጁ ሯጭ ነው!

የዓለም ፀረ አበረታች ቅመሞች ኤጀንሲ፣ ዋዳ የሚሉት፣ ቢፒሲ 157ን ከ2022 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በስም ጠቅሶ ከልክሏል። ቲቢ 500 ከዚያም በፊት የተከለከለ ነው። ሁለቱም በውድድር ጊዜ ብቻ ሳይሆን ሁልጊዜ ነው የተከለከሉት፤ «እያገገምኩ ነበር፣ አልሮጥኩም» አይሠራም። «ለፍቅረኛዬ ፀጉር የመጣ ነው»ም አይሠራም፤ በአትሌቱ ሰውነት ውስጥ ለተገኘው ነገር ተጠያቂው አትሌቱ ነው። ቅጣቱ እስከ አራት ዓመት እገዳ ይሄዳል። የሰጠው ናሙና ደግሞ እስከ አሥር ዓመት ተቀምጦ እንደገና ሊመረመር ይችላል። አራት ዓመት ለሯጭ ምን ማለት እንደሆነ አንቺ ከእኔ በላይ ታውቂዋለሽ።

የአክስትሽን ልጅ አልወቅስም፤ ያየችውን በፍቅር ነው የምታመጣው። እኔም በፍቅር የተሰጠ ነገር ቀምሻለሁ። አሥራ አንደኛ ክፍል ሳለሁ አንዲት የምወዳት ጓደኛዬ ስም የሌለው «ማጥሪያ» በትንሽ ዕቃ ሰጠችኝ። ሁለት ሳምንት ፊቴ እንደ ብርጭቆ አበራ፤ ሰው ሁሉ «ምን ተቀባሽ?» አለኝ። ስተወው ፊቴ ተቃጠለ። የማትሪክ መታወቂያዬ ላይ ያለውን ፎቶ እስከ ዛሬ ለሰው አላሳይም። ውስጡ ምን እንደነበረ እሷም አታውቅም ነበር።

እሺ፣ ምን ያድርግ? ስዊድን ውስጥ አልፍሬድሰን የሚባል ሐኪም የራሱ ተረከዝ ጅማት ታሞ ነበር። ሕመሙን በሚያባብስ ስፖርት ጅማቱን አስጨንቆ ለኦፕሬሽን ሊያበቃው ፈለገ ይባላል። ዳነ! ከዚያ በ1998 (እ.ኤ.አ.) አሥራ አምስት ሯጮችን አሠራቸው፤ በአሥራ ሁለት ሳምንት ሁሉም ወደ ሩጫቸው ተመለሱ። አሠራሩ ደረጃ ጠርዝ ላይ በጣት መቆም፣ ከዚያ በታመመው እግር ብቻ ተረከዝን ቀስ አድርጎ ከጠርዙ በታች ማውረድ ነው። ሲወጡ በደህናው እግር ነው የሚወጡት። ጉልበት ቀጥ ተደርጎ ሦስት ጊዜ አሥራ አምስት፣ ጉልበት ታጥፎ ሦስት ጊዜ አሥራ አምስት፤ ጠዋትና ማታ። በቀን 180 ማለት ነው። ያማል፣ ይሰለቻልም፤ ወደ ሰው ሁሉ ደግሞ እኩል አይሠራም። ግን ደረጃ ላይ በመውረድ የታገደ ሯጭ የለም! ጅማቱ ተበጥሶ እንዳይሆን ግን አስቀድሞ የስፖርት ሐኪም ይየው፤ ሐኪሙ መድኃኒት ሲያዝለትም «ሯጭ ነኝ» ይበል።

አሁን ወደ አንቺ ልምጣ። ከግንባር ግራና ቀኝ ነው ያልሽኝ? ሥራ ቦታ ፀጉርሽን ጥብቅ አድርገሽ ነው የምትሠሪው? ሂውማን ሄር ታስተክያለሽ? እንደምገምተው ሹሩባው እየጎተተው ነው። የተጎተተ ፀጉር በጊዜ ከተፈታ ይመለሳል፤ ዓመታት ከቆየና ቆዳው ጠባሳ ከያዘ ግን ሰማያዊም ቀይም ብልቃጥ አይመልሰውም። ስለዚህ ነገ ፍቺው። ደምሽን ተመርመሪ፤ የብረት ማነስና እንቅርትም ፀጉር ይነቅላሉ። የቆዳ ሐኪም ካዘዘልሽ ሚኖክሲዲል አለ፤ መጀመሪያ የደም ግፊት መድኃኒት የነበረ፣ ከ1988 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ አሜሪካ ውስጥ ለራስ ቆዳ የተፈቀደ። ወራት ይፈጃል፣ መጀመሪያ ላይ ይበልጥ ሊያረግፍ ይችላል፣ ስታቆሚው ያበቀለውም ይሄዳል። እርጉዝ ከሆንሽ ወይም ካሰብሽ ለሐኪሙ ንገሪው። የመዳቡን ነገር አምሮሽ ከሆነም በክሬም መልክ አለ፤ ተአምር አትጠብቂ እንጂ መርፌ አይጠይቅም። ያንንም ቢሆን የፊት ክሬምሽን ለራስሽ አድርጊው።

ይህን ጽፌ ሳልጨርስ በስልኬ መልእክት ላከችልኝ። ሹሩባውን ፈትታዋለች፤ «ራሴ ቀለለኝ» ትላለች። የአክስቷ ልጅ ግን ብልቃጡን ገዝታ ሻንጣዋ ውስጥ ከትታዋለች፤ ቅዳሜ ማታ ቦሌ ትደርሳለች። እሱስ ምን አለ ብዬ ጠየቅኳት።

«እስኪ ልየው ብቻ ነው የሚለው» አለችኝ።

ይህን ጋዜጣ አርብ ታገኘዋለች። እህቴ፣ ለእሱም አንብቢለት፤ የሆነውን ጻፊልኝ።