ጉና ያጣው መምህር

ድጓ የተማረ ሰው ሁሉ ጋይንትን ያውቃል። በጎጃም ይማር በወሎ፣ በሸዋ ይማር በትግራይ፣ በመጨረሻ ጋይንት ያለችው ቤተ ልሔም ገብቶ ካላስመሰከረ የድጓ መምህርነቱ ሙሉ አይባልም። በዚያው በደቡብ ጎንደር ዙር አባ ደግሞ የዝማሬና የመዋሥዕት ምስክር ናት። የቆሎ ተማሪው ለምዱን ደርቦ፣ አኮፋዳውን አንግቶ፣ የመንደሩን ውሻ በበትሩ እየተከላከለ ዕውቀት ፍለጋ ወደዚህ ምድር ሲመጣ ዘመናት አልፈዋል።

የዚህ ሁሉ ትምህርት ሥሩ ቅዱስ ያሬድ ነው። በ6ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አክሱም ላይ ከአጎቱ ከጌዴዎን ዘንድ ሲማር ትምህርቱ አልገባ ብሎት፣ ግርፋቱም በዝቶበት ጠፍቶ ሄደ። ማይ ኪራሕ ሲደርስ ከአንድ ዛፍ ጥላ ሥር አረፈ። እዚያ አንዲት ትል ፍሬውን ለመብላት ግንዱን ስትወጣ፣ ስትወድቅ፣ ደግማ ስትወጣ፣ በመጨረሻም ስትደርስ አየ። ተመልሶ ተማረ። ዜማውንም ከገነት የመጡ ሦስት ወፎች እንዳመጡለት ትውፊታችን ይናገራል። የአገሪቱ ታላቅ የዜማ ሊቅ ከትልና ከወፍ መማሩን ቤተ ክርስቲያን አልደበቀችም፤ ግንቦት 11 ቀን በመታሰቢያው ታወሳዋለች።

እኔ ይህን ታሪክ የጽናት ምሳሌ ብቻ አድርጌ አላየውም። አንድ ሰው ትንሽ ፍጥረትን ዝቅ ብሎ፣ ሳይቸኩል፣ እስከ መጨረሻው ተመለከታት፤ ከእርሷም የምማረው አለ ብሎ አመነ። ሳይንስ የምንለው ሥራ ከዚህ የተለየ መነሻ የለውም። ከ1,300 ዓመታት በኋላ እንግሊዛዊው ቻርልስ ዳርዊን ያደረገውም ይህንኑ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1881፣ ከመሞቱ ጥቂት ወራት በፊት ያሳተመው የመጨረሻ መጽሐፉ ስለ ምድር ትል ነው። ዳርዊን ወረቀት በሦስት ማዕዘን ቅርፅ እየቆረጠ ለትሎቹ አቀረበ። እነርሱም ወደ ጉድጓዳቸው ለመጎተት አብዛኛውን ጊዜ በቀጭኑ ጫፍ በኩል ሲይዙት አየ። ይህ በአጋጣሚ የሚሆን አይደለም፣ መጠነኛ ማስተዋል አለበት ሲል ጻፈ።

ዛሬ የዓለም ሳይንስ በዚህ መንገድ ብዙ ርቆ ሄዷል። በጎረቤታችን በኬንያ ዝሆኖችን ያጠኑ ተመራማሪዎች፣ ዝሆን ዝሆንን በስም ሊመሰል በሚችል ልዩ ድምፅ እንደሚጠራ እ.ኤ.አ. በ2024 አሳትመዋል። የዓሣ ነባሪን ድምፅ በኮምፒውተር የሚፈቱ፣ የሌሊት ወፍን ጥሪ የሚለዩ ቡድኖች በየአህጉሩ አሉ። ከእንስሳት አእምሮ ጋር የተያያዘው ምርምር ከመጪው ዘመን ሰፊ የዕውቀት መስኮች አንዱ እንደሚሆን አልጠራጠርም። ጥያቄዬ አገራችን በዚህ መስክ ምን ይዛ ትገባለች የሚል ነው። መልሱ የሚያኮራም የሚያስደነግጥም ሆኖ አገኘዋለሁ።

የሚያኮራውን ላስቀድም። ከኢትዮጵያ ደጋ በስተቀር በዓለም የትም የማይገኘው ጭላዳ፣ ሣር እየነጨ የሚኖር፣ ከጥንቱ ሰፊ ወገኑ ብቻውን የተረፈ ፍጥረት ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 ቶር በርግማን የተባለ ተመራማሪ፣ ጭላዳ ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ የሚያሰማው ድምፅ ምቱ ከሰው ንግግር ምት ጋር እንደሚቀራረብ አሳየ። እ.ኤ.አ. በ2016 ደግሞ ሞርጋን ጉስቲሰንና ባልደረቦቿ የ57 ወንድ ጭላዳዎችን ከ1,000 በላይ ተከታታይ ድምፆች መርምረው አንድ ሥርዓት አገኙ፤ ጭላዳው ብዙ ድምፆችን አያይዞ ሲያሰማ፣ በውስጡ ያሉት ድምፆች በየራሳቸው ያጥራሉ። ይህ በሰው ቋንቋዎች የሚታወቅ ሕግ ነው።

ይህን ሳነብ ሐሳቤ የሚሄደው ወደ ቤተ ልሔም ነው። የዜማ ምልክቶቹን፣ ይዘትን ከደረት፣ ጭረትን ከርክርክ፣ ድፋትን ከቅናት ለመለየት ዓመታት ሙሉ ጆሮውን ያሠለጠነ የድጓ ተማሪ፣ የድምፅን መርዘምና ማጠር፣ መውጣትና መውረድ ከማንም በላይ ያውቃል። ኮምፒውተር ሺህ ሰዓት የተቀዳ ድምፅ በአጭር ጊዜ ሊለይ ይችላል። ምን መፈለግ እንዳለበት የሚነግረው ግን አዳማጭ ነው። የጭላዳን ድምፅ የሚያጠና ቡድን ውስጥ አንድ የድጓ መምህር ቢቀመጥ፣ የሌላ አገር ጆሮ ያልሰማውን እንደሚሰማ አምናለሁ። እንዲህ ያለ ጆሮ እያለን የራሳችንን እንስሳት ድምፅ የሚያጠኑት በአብዛኛው ከሩቅ የመጡ ሰዎች ናቸው። ለድካማቸው ምስጋና ይገባቸዋል፤ አጠገባቸው መቆም የነበረብን እኛ ነን።

ቀይ ቀበሮም እንደ ጭላዳው የሚያኮራ ሀብታችን ነው። በመንዝ ጓሳ ሜዳ ቀይ ቀበሮ ከጭላዳ መንጋ መሀል ገብቶ በዝግታ ሲዘዋወር ይታያል። በእግሩ ሥር ያለውን የጭላዳ ግልገል አይነካም፤ ጭላዳዎቹም አይሸሹትም። እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመ ጥናት ምክንያቱን አመላከተ። ቀበሮው ብቻውን አይጥ ሲያድን ከመቶ ሙከራ 25 ያህሉ ሲሳካለት፣ በጭላዳ መሀል ሆኖ ሲያድን ግን 67 ያህሉ ይሳካለታል። ለዛሬ ረሀቡ ግልገሉን ቢይዝ ነገ መንጋው እንደሚያባርረው ያወቀ ያህል ራሱን ይገዛል። ይህን ዓይነት መቻቻል ሁለት የተለያዩ አራዊት በምን እንደሚያጸኑት ገና አልተፈታም።

እ.ኤ.አ. በ2024 ደግሞ ከባሌ ተራሮች ሌላ ነገር ተሰማ። ቀይ ቀበሮዎች ቀጥ ብሎ የሚቆመውን የደጋ ቀይና ቢጫ አበባ ማር እየዞሩ ይልሳሉ፤ አንዳንዱ በአንድ ዙር እስከ 30 አበባ ይጎበኛል፤ አፍንጫውም በአበባ ብናኝ ይሸፈናል። ሥጋ በል የሆነ ትልቅ አውሬ እንደ ንብ ከአበባ አበባ ሲዞር በሳይንስ ሲመዘገብ የመጀመሪያው ነው ተብሏል። ከዚህ ዜና ውስጥ እኔን የነካኝ ሌላ ክፍል ነው። የቀበሮ ጥናቱን ለረጅም ዘመን የመሩት ክላውዲዮ ሲሌሮ፣ አበባው ጣፋጭ መሆኑን መጀመሪያ ያወቁት የባሌ እረኛ ልጆች ሲልሱት አይተው መሆኑን ተናግረዋል። የሳይንስ መጽሔት ከመጻፉ በፊት እረኛው ያውቅ ነበር ማለት ነው።

አሁን ወደሚያስደነግጠው ልመለስ። ከጋይንትና ከእስቴ በላይ፣ ከ4,100 ሜትር በላይ ከፍ ብሎ የቆመው ጉና ተራራ ቀይ ቀበሮ ነበረው። ዛሬ የለውም። በቅርብ አሥርት ዓመታት ውስጥ ዘሩ ከጠፋባቸው ተራሮች አንዱ ጉና ነው፤ በሰሜን ሸዋ ጎሽ ሜዳ፣ በጎጃም ጮቄም ይኸው ደርሷል። እርሻው ሽቅብ ወጣ፤ ገብሱና ድንቹ ሣሩን ገፋው፤ ከብቱ የቀረውን ጋጠው። አይጥ ሲያንስ ቀበሮ ያንሳል። ጥቂት ሆነው በአንድ ተራራ ጫፍ የታሰሩ እንስሳት ደግሞ አንድ ክፉ በሽታ ወይም አንድ ክፉ ዓመት ይበቃቸዋል። በዓለም ላይ የቀሩት ለአካለ መጠን የደረሱ ቀይ ቀበሮዎች 500 አይሞሉም።

የጉና ቀበሮ አበባ ይልስ ነበር? ከማን ጋር ተስማምቶ ያድን ነበር? ግልገሎቹን ምን ያስተምር ነበር? ከአሁን በኋላ ማንም አይመልሰውም። እንስሳት እርስ በርስ የሚማማሩት ልማድ እንዳላቸው ዛሬ ይታወቃል፤ የአንዱ ተራራ መንጋ የሚያውቀውን የሌላው ላያውቅ ይችላል። ስለዚህ ከጉና የጠፋው ሥጋና ጠጉር ብቻ አይደለም። ገና ያልጠየቅነው መምህር ሄዶብናል።

«ሰው በተቸገረበት ምድር ስለ ቀበሮ ማውራት ቅንጦት ነው» የሚሉ አሉ። ክብደቱን አውቃለሁ። ጋይንት በ2013 ዓ.ም. ክረምት ጦርነት ገብቶበት የተጎዳ ምድር ነው፤ ከዚያም ወዲህ ሰላም እንደልብ አልተገኘም። የጉና አናት ገበሬ ወደ ላይ ያረሰው ጠግቦ አይደለም፤ ታች ያለው መሬት ስላልበቃው ነው። ነገር ግን የቀበሮው ሣርና የሰው ውሃ አንድ ናቸው። ርብና ጉማራ ከጉና ተነሥተው ጣና ይገባሉ። ሣሩ ዝናቡን ካልያዘው ውሃው አፈሩን ይዞ ይሄዳል፤ በበጋ ምንጩ ይነጥፋል፤ ፎገራ ሜዳ ላይ ደግሞ ጎርፍ ይሆናል። ቀበሮው የቆየበት ተራራ ለሰውም የቆየ ተራራ ነው።

ይህን በተግባር ያሳዩ ወገኖች አሉን። መንዞች ጓሳን ከ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጀምሮ በቀሮ ሥርዓት ጠብቀውታል። ሣሩ ለዓመታት ይከለከላል፤ ጊዜው ሲደርስ ለቤት ክዳንና ለገመድ ተከፍቶ በሥርዓት ይታጨዳል፤ ከዚያ እንደገና ይዘጋል። በ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ ሥርዓቱ ቢላላም ሕዝቡ በኋላ በአዲስ መልክ መልሶ አቋቋመው። ዛሬ ጓሳ ላይ ቀበሮም ጭላዳም የምናገኘው ለዚህ ነው።

በደቡብ ጎንደርም የራሳችን ምስክር አለን፤ የቤተ ክርስቲያን ደን። ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ ለዶክትሬት ጥናታቸው በደቡብ ጎንደር 28 አብያተ ክርስቲያናትን መርጠው ደናቸውን መርምረዋል። ጽድ፣ ወይራ፣ ዝግባ፣ ጥቁር እንጨት፣ ኮሶ ከሌላው ስፍራ ሲመናመኑ በእነዚህ አጸዶች ውስጥ ቆመው ተገኙ። ጥናቱ ሁለት የማስጠንቀቂያ ቃላትም ተናገረ። አንደኛው፣ ከብት የሚገባበት ደን ችግኝ አያሳድግም፤ የታጠረው ያሳድጋል። ሁለተኛው፣ የአገር በቀል ዛፎቹ ዘር በአብዛኛው በአፈር ውስጥ ተከማችቶ አይቆይም፤ የቆሙት ዛፎች አንዴ ካለቁ መሬቱ በራሱ አይመልሳቸውም። በዚህ መነሻ ዶክተር ዓለማየሁ ከአሜሪካዊቷ ተመራማሪ ከማርጋሬት ሎውማን ጋር ሆነው፣ ካህናቱና ምእመኑ ከማሳቸው የለቀሙትን ድንጋይ እየደረደሩ በደኖቹ ዙሪያ ካብ እንዲክቡ ረዱ። ገበሬው ማሳው ጠራለት፤ ደኑም ተጠበቀለት። ካህን፣ ገበሬና ሳይንቲስት ሲገናኙ ይህን ያህል ይሠራል።

ስለዚህ የምለው ግልጽ ነው። መጀመሪያ በጉና ዙሪያና ቀበሮ ዛሬም ባለባቸው ተራሮች ሁሉ የመንደር ውሾች በየዓመቱ ይከተቡ። የባሌን ቀበሮዎች በተደጋጋሚ የፈጀው የእብድ ውሻ በሽታ የሚነሣው ከውሻ ነው፤ እረኛውንና የቆሎ ተማሪውንም የሚገድለው ይኸው ነው። ለቀበሮ የተከፈለ ክትባት ለልጆቻችን የተከፈለ ክትባት ነው። ቀጥሎ የጉና አናት በጓሳ አምሳል በነዋሪው መተዳደሪያ ደንብ ይጠበቅ፤ ከእርሻው ለሚወጣ ገበሬም ተመጣጣኝ መተዳደሪያ አስቀድሞ ይዘጋጅለት። ደኑን ጠብቅ ተብሎ ረሀብ ብቻ የሚቀበል ሰው አይጠብቅም፤ ሊፈረድበትም አይገባም።

ከዚያም ትምህርቱ ይምጣ። ደብረ ታቦር ዩኒቨርሲቲ በጉና በር ላይ ነው፤ የአብነት ትምህርት ቤቶቹ ደግሞ ከእርሱ በዕድሜ እጅግ የሚበልጡ ጎረቤቶቹ ናቸው። የሥነ ሕይወት ተማሪው፣ የድጓ ተማሪውና የጉና እረኛ በአንድ ሥራ ላይ ይገናኙ። የደኖቹን ወፎች ድምፅ በየወቅቱ ይቅዱ፤ እረኛው የሚያውቀውን የእንስሳት ጠባይ በስሙ ይጻፉለት፤ የተቀዳው ድምፅና የተሰበሰበው ዕውቀት በአገር ውስጥ ይቀመጥ። ለዚህ ከመቅጃ መሣሪያና ከጥቂት ደብተር የሚበልጥ ካፒታል ለመነሻ አያስፈልግም። የሚያስፈልገው ሰላም ነው፤ ሁላችንም ልንሠራበት የሚገባ ሰላም።

በስሜን፣ በላስታ አቡነ ዮሴፍ፣ በቦረና ሳይንት፣ በመንዝ፣ በአርሲና በባሌ ቀይ ቀበሮ ዛሬም አለ። አማራ ክልል ውስጥ ያሉት መንጋዎች ትንንሽና የተነጣጠሉ በመሆናቸው የጉና ዕጣ ለእነርሱም ቅርብ ነው። ጉናም ሣሩ ካገገመ፣ ውሻው ከተከተበ፣ ነዋሪው ከተስማማ፣ አንድ ቀን ቀበሮ መልሶ ሊቀበል የሚችል ተራራ ነው። የአካባቢው መስተዳድር፣ ዩኒቨርሲቲው፣ ሀገረ ስብከቱና የጉና ነዋሪ በዚህ ጉዳይ ለመነጋገር ሌላ የጠፋ ዘር አይጠብቁ፤ ክትባቱን ከዘንድሮው ዓመት ይጀምሩት።