ዋግ ውሃ ሳይጠግብ ስለ ፒቱታሪ?

«ዋግ ኽምራ ውሃና መንገድ በወጉ ሳያገኝ ስለ ፒቱታሪ ቱመር ታወሩልናላችሁ?» የምትል ክርክር አለች። አዲስ አበባ ካፌ ውስጥ ማኪያቶ ይዘው ሲናገሯት የአስተዋይ ሰው ወግ ትመስላለች። እኔ ግን ስንፍና ናት እላለሁ።

ፒቱታሪ ከአንጎል ሥር ያለች፣ አተር የምታክል እጢ ናት። ፕሮላክቲን የሚያመነጭ ቱመር ሲወጣባት የወር አበባ ይቀራል፤ አንዳንዴም ሳይወልዱ ወተት ይመጣል። አገሬው መካን የሚላት ሴት ብሮሞክሪፕቲን ወይም ካበርጎሊን ስትወስድ ልታረግዝ ትችላለች። ጣጣው ከዚህ በኋላ ነው። ቱመሩ ትንሽ ከሆነ እርግዝናው ሲታወቅ ብዙውን ጊዜ «መድኃኒቱን አቁሚ» ትባላለች። ልክ ነው። ግን «መቼ ተመለሽ» ተባለች ወይ?

በእርግዝና ጊዜ ጤነኛዋ ፒቱታሪም ትፋፋለች፤ ቱመሩም አድጎ የዓይን ነርቭን ሊጫን ይችላል። ከ1 ሴንቲ ሜትር ለሚያንሰው ስጋቱ ከመቶ 2 ወይም 3 ነው። ከዚያ ለሚበልጠውና ቀድሞ በቀዶ ጥገና ወይም በጨረር ላልታከመው ግን ከ5 ሴቶች ወደ አንዷ ይጠጋል። ለዚችኛዋ መድኃኒቱን መቀጠልም ሊያስፈልግ ይችላል።

እና የዋግ ጤና ጣቢያ ሁሉ ኤም አር አይ እስኪተከልለት እንጠብቅ? የፕሮላክቲን ምርመራ እንኳ እዚህ ላይ አይረዳም፤ በእርግዝና በተፈጥሮው ስለሚያሻቅብ። የሚረዳው ጥያቄ ነው። ራስ ምታቱ በረታ? ከጎን የሚመጣ ሰው ይታይሻል? አንድ ዓይኗን አስሸፍኖ ከጎን ጣት ማንቀሳቀስ ስንት ብር ይፈጃል? እርግጥ ነው፣ ነፍሰ ጡር ራሴን ስትል መጀመሪያ የደም ግፊት ይለካል። ክሴ ግፊቱ ደህና ሲሆን ፓራሲታሞል አስይዞ በሚሸኘው ላይ ነው።

እይታዋ የጠበበባት ሴት ናት ያን ሁሉ ዳገት ወርዳ ትልቅ ሆስፒታል መድረስ ያለባት። ያለ ንጥረ ነገር መርፌ በኤም አር አይ ትታያለች፤ መድኃኒቱ ይመለስላታል፤ ካልሠራ ቀዶ ጥገና አለ። ድንገተኛ ከባድ ራስ ምታት ከትውከትና ከእይታ መደብዘዝ ጋር ከመጣ ደግሞ ነገ አይባልም።

በ2007 ዓ.ም. መንግሥት ከ2 ዓመት በታች ያሉ ሕፃናትን መቀንጨር እስከ 2022 ለማጥፋት ሲምል የሰቆጣን ስም ወስዷል፤ «የሰቆጣ ቃል ኪዳን» ይባላል። እሰየው። እንግዲያው ይህችም ትጨመር፦ ቱመሩ አስቸኳይ ሕክምና ካላስፈለገው እናቲቱ ማጥባት አትከለከልም። ብሮሞክሪፕቲን ከጀመረች ግን ወተቱ ይደርቃል፤ ይህንንም ልጁ ሳይወለድ በፊት ንገሯት።